«መብራት ነው» ከማለታችን በፊት፦ የጥንድ ፋየርዎል መልዕክቶች ምን ይነግሩናል?

ጅማ ውስጥ ሰርቨር ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ የጋራ ማብራሪያ አለው። ፋየርዎሉ (ኔትወርኩን ከውጭ የሚጠብቀው በረኛ ማሽን) ሌሊት ጠፍቶ በራ? መብራት ነው። ተጠባባቂው ማሽን ሥራውን ተረከበ የሚል ኢሜይል ገባ? መብራት ነው። የሎጉ (ማሽኑ የሚጽፈው የክንውን መዝገብ) ሰዓት ተዛባ? እሱም መብራት ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ዝናቡ ሲበረታ ዛፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል፣ ትራንስፎርመር ይፈነዳል፣ መብራቱ ሄዶ ይመጣል፣ መጥቶ ይሄዳል። 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ በአዲስ አበባው መንገድ ጎረቤታችን ነው። ጉርብትናው ግን ለሰፈር ሽቦ የጠቀመው ነገር የለም።

ችግሩ ይህ መልስ ሁልጊዜ ከጥያቄው ቀድሞ መድረሱ ነው። ዛሬ ዛሬ በጤና ተቋም፣ በኮሌጅ፣ በባንክና በሆቴል ሁለት ፋየርዎል አጣምሮ መትከል እየተለመደ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ጣጣ ይዞ ይመጣል። የክላስተር (እንዲህ የተጣመሩ ማሽኖች) ሥራ ብልሽትን ከተጠቃሚው መደበቅ ነው። ሥራውን በደንብ ከሠራ ደግሞ ከባለሙያውም ይደብቀዋል። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ኔትወርክ አልሄደባትም። ሥራ አስኪያጁ አልደወለም። አንደኛው ማሽን ሌሊቱን ሞቶ አድሮ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ያለው ምስክር ግን ያቺ አጭር መልዕክት ብቻ ናት። እሷንም «መብራት ነው» ብለን ከዘጋናት በአንድ እግር ቆመን ሁለት ያለን እየመሰለን እንከርማለን።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት ዘበኞች አስቡ። አንዱ በር ላይ ቆሟል፤ ሌላው ከግድግዳው ማዶ ጋደም ብሏል። የቆመው በየሰከንዱ ይስላል፤ «አለሁ» ማለቱ ነው። ሳሉ ሲቋረጥ የተኛው ተነስቶ በሩን ይይዛል። ፋየርዎሎቹም እንዲሁ ናቸው። በስፋት በሚሠራበት ቪአርአርፒ በተባለው ስምምነት፣ ማስተሩ (በር ላይ የቆመው) ነባሪው ቅንብር ካልተነካ በየ1 ሰከንዱ ምልክት ይልካል። ተጠባባቂው ሦስት ምልክት ያህል ይታገሳል፤ ትንሽ ጭማሪም አለው። ማን ማስተር እንደሚሆን የሚወስነው የቅድሚያ ቁጥሩ 100 ከሆነ ትዕግሥቱ 3.6 ሰከንድ ገደማ ነው። ካርፕ የሚባለውና የኦፕን ቢኤስዲ ስርዓተ ክወና ሰዎች የሠሩት አቻውም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ተጠቃሚው የሚያውቀው የሁለቱንም የግል አድራሻ ሳይሆን፣ ማስተር የሆነው የሚይዘውን አንድ የጋራ አይፒ ነው።

አሁን ወደ መልዕክቶቹ እንግባ። በጣም የተለመደው «ከባካፕ ወደ ማስተር፤ የማስተሩ ጊዜ አልፏል» የሚለው ነው፤ ባካፕ ያለው ተጠባባቂውን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «ማስተሩ ሞተ» ብሎ ይተረጉመዋል። መልዕክቱ ግን እንደዚያ አላለም። ያለው «ድምፁን አልሰማሁም» ነው። ማስተሩ በሕይወት ኖሮ ኬብሉ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሲፒዩው ተጨናንቆ ምልክቱን በሰዓቱ መላክ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ኬብሎቹ የሚገናኙበት ስዊች ወደ 224.0.0.18 የሚሄደውን መልቲካስት (ለቡድን የሚላከውን ምልክት) ጥሎት ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ይህ መልዕክት ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ የሌላውን ማሽን ሎግ በዚያው ደቂቃ መክፈት ነው። እሱም በዚያው ሰዓት «ማስተር ነኝ» እያለ ከነበረ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ነበር ማለት ነው። ባለሙያዎች ስፕሊት ብሬን የሚሉት ይህ ነው። አንድ አይፒ ሁለት ማሽን ላይ ይቀመጣል፤ ስዊቹ አድራሻው የትኛው ፖርት ላይ እንዳለ ግራ ይገባዋል። ተጠቃሚው የሚያየው «ኔት ሄደ መጣ» የሚል ነገር ብቻ ነው።

መብራት በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንበትና ሰው ብዙም የማያስተውለው አንድ ሁኔታ አለ። መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ይደክማል፣ ሁሉም ይጠፋል። ሲመለስ ስዊቹም ፋየርዎሎቹም አብረው ይነሳሉ። ስዊቹ ግን ፖርቶቹን ወዲያው አይከፍትም። መስመሩ ዞሮ በራሱ ላይ እንዳይገጥም በሚጠብቀው በነባሩ የስፓኒንግ ትሪ አሠራር 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ ይማራል። ፋየርዎሎቹ መስመሩ በርቶ ያዩታል፣ ግን አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ትዕግሥታቸው 3.6 ሰከንድ፣ ዝምታው 30 ሰከንድ! ሁለቱም ማስተር ነን ብለው ያውጃሉ። ከዚያ ፖርቱ ይከፈታል፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰማል፣ ቅድሚያው ዝቅተኛ የሆነው ወደ ተጠባባቂነቱ ይመለሳል። ኢሜይል ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ግን ጦርነት የተካሄደ የሚያስመስል የመልዕክት መዓት ነው። ይህ በራሱ አያስደነግጥም። ፋየርዎል የተሰካበትን የስዊች ፖርት በቶሎ እንዲከፈት ማስተካከል ያስታግሰዋል፤ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ የሲስኮ ሰዎች ፖርትፋስት ይሉታል። ሁለት ማስተር ከደቂቃ በላይ ከቀጠለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኬብል፣ ቪላን (የኔትወርኩ ክፍፍል) ወይም የመልቲካስት ማጣሪያ መፈተሽ አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላ አስፈሪ መሳይ መልዕክት አለ። ፍሪቢኤስዲ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ የተሠሩ እንደ ፒኤፍሴንስ ያሉ ፋየርዎሎች ሲነሱ «በ240 ዝቅ ተደርጌያለሁ» የሚል ነገር ይጽፋሉ። አዲስ ባለሙያ ይህን አይቶ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ነገሩ ጨዋነት ነው። ማሽኑ «የክፍት ግንኙነቶቹን ሰንጠረዥ ከጓደኛዬ ገልብጬ እስክጨርስ ሥራ አትስጡኝ» ማለቱ ነው። ገልብጦ ሲጨርስ «በ240 ከፍ ብዬ ወደ 0 ተመልሻለሁ» የሚል አቻ መልዕክት ይከተላል። መልዕክቶቹ ጥንድ ናቸው። የመጀመሪያው ኖሮ ሁለተኛው ከቀረ ያኔ እንነሳ። ተጠባባቂው ተጠባባቂ መስሎ ይቀመጣል እንጂ ለሥራ ዝግጁ አይደለም።

ሰዓት ላይ ትንሽ ልቆይ። ሎግ አነባበብ ላይ እኛን ከሌላው ዓለም የበለጠ የሚያደናግረን ይህ ነው። ብዙ ዕቃ ከሳጥኑ ሲወጣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተሞላ ነው። መልዕክቱ «ሰኞ 22፡30» ይላል። የአዲስ አበባና የጅማ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ይቀድማል፤ ስለዚህ ስልካችን ላይ ማክሰኞ 01፡30 ነው። በእኛ አነጋገር ደግሞ ከሌሊቱ 7፡30፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ። ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሰው መዝገቡ ላይ «ሰኞ ሌሊት 7፡30 መብራት ሄደ» ብሎ ጽፏል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። የማያውቅ ሰው ግን ሦስት የተለያዩ ክስተቶች አድርጎ ሪፖርት ያቀርባል። አቋራጩ ቀላል ነው። ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንሱ፤ ከ12 ከበለጠ 12 አውጡለት። ዩቲሲው ከ3 ካልበለጠ ግን መጀመሪያ 12 ጨምሩበት። 22 ሲቀነስ 3፣ 19፤ 12 ሲወጣለት 7። ጠዋት 05፡00 ዩቲሲ ከሆነም 2 ሰዓት ይሰጣችኋል።

የጄኔሬተሩን መዝገብ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመብራት መጥፋትን በቀንና በሰዓት የሚመዘግብ ወረቀት ከሰርቨር ክፍሉ ውጭ ያለው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፋየርዎሉ እንደገና የተነሳበትን ሰዓት ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። መብራት ባልሄደበት ሌሊት ከተነሳ ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ከዚህ የሚቀል ምርመራም አለ። ሁለቱ ማሽኖች ከተነሱ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ማየት። በአንድ ዩፒኤስ ላይ ተሰክተው አንዱ ከወር በላይ ሳይጠፋ ቆይቶ ሌላው ትናንት ሌሊት ከተነሳ፣ መብራት ብቻውን አያስረዳውም። የዚያኛው ፓወር ሰፕላይ ደክሞ ይሆናል። ሙቀት ይሆናል። ሶፍትዌሩ ተሰናክሎ ይሆናል። ወይም ከዚህ የከፋ ነው፤ እመለስበታለሁ። በነገራችን ላይ ሁለት ፋየርዎል ገዝቶ አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት እንደ ቁጠባ የሚቆጠርበት ምክንያት ገብቶኝ አያውቅም።

ሁለቱ ሰዓታቸው ካልተስማማ ደግሞ የሎግ ቅደም ተከተል ሁሉ ውሸት ይሆናል። ተጠባባቂው ማስተሩ ከመሞቱ በፊት ሥራውን የተረከበ ይመስላል። መብራት እዚህ ላይ ተዘዋዋሪ እጅ አለው። በአሮጌ ማሽን ውስጥ ያለችው ትንሿ የማዘርቦርድ ባትሪ ካለቀች፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ይዞ ይነሳል። ቪፒኤን እምቢ ይላል፤ የዲጂታል ምስክር ወረቀቶች «ገና አልጸኑም» ይባላሉ። መልዕክቶቹ በአሮጌ ቀን ስለተጻፉ በዛሬው ሎግ ውስጥ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም። ሁለቱም ማሽኖች ሰዓታቸውን ከአንድ የኤንቲፒ (ሰዓት የሚያመሳስል አገልግሎት) ምንጭ ይውሰዱ፤ ባትሪዋም ትቀየር።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ብዙ እንቆቅልሽ በራሱ ይፈታል። ሁልጊዜ ሌሊት በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ሥራ መረካከብ ካለ፣ መብራት እንዲህ ሰዓት አክባሪ አይደለም። ፋየርዎሎቹ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ማሽን) ከሆኑ የሌሊቱን የዳታ ቅጂ ማስቀመጫ ፕሮግራም ተመልከቱ። ፕሮግራሙ ስናፕሾት (የማሽኑን የቅጽበት ቅጂ) ሲያነሳ ማሽኑን ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ሊያደርገው ይችላል። ያቺ ጥቂት ሰከንድ ለተጠባባቂው በቂ ናት። ይነሳል፣ ይረከባል፣ ማስተሩ ሲነቃ እንደገና ይመልሳል። ጠዋት ሁለት መልዕክት ይጠብቃችኋል፤ አንዱ «ወደቀ»፣ ሌላው «ተመለሰ»። ሁለተኛው ስላለ የመጀመሪያውን የሚያየው የለም።

«ተመለሰ» የሚሉ መልዕክቶችን በአጠቃላይ በጥርጣሬ ነው የማያቸው። ክትትል የሚያደርገው ፕሮግራም አንድ አገልግሎት መቆሙን ሲያይ ያስነሳዋል፤ «አልነበረም፣ አስነስቼዋለሁ» ብሎም ይልካል። አንድ ጊዜ ከሆነ ይለፍ። በየሌሊቱ ከሆነ ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሥሩ የማህደረ ትውስታ ማለቅ ነው። በሊኑክስ ላይ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ራሱ አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ የገደለውንም በሎጉ ይጽፋል። ያን መስመር ፈልጉ። የሲስተሙ ሎድ (የሥራ ጫና) ከፍ አለ የሚለውም እንዲሁ በቁጥሩ ብቻ አይፈረድበትም። ሎድ 4 ባለ አንድ ኮር ማሽን ላይ ጭንቅ ነው፤ ባለ ስምንት ኮር ላይ ግን ገና ግማሹ ነው።

ከተጠባባቂው የሚመጡ ቅሬታዎች አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። «አዲስ የቫይረስ መለያ ማውረድ አልቻልኩም»፣ «ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው) አልመለሰም» ይላል። በብዙ አተካከል ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ያለው ማስተሩ ጋር ነው። ተጠባባቂው በራሱ መውጫ ከሌለው ማማረሩ ተፈጥሮው ነው። መውጫ አበጁለት ወይም በማስተሩ በኩል እንዲወጣ አድርጉ። ዝም ማሰኘት ግን አይሆንም። ሥራ በሚረከብበት ቀን ያረጀ መለያ ይዞ ይቀርባል።

«ያልተመሳሰለ ሃሽ» የሚለው የካርፕ መልዕክት ደግሞ ለየት ያለ ነው። በአብዛኛው የሁለቱ ማሽኖች የይለፍ ቃል አለመግጠሙን ያመለክታል። አንዳንዴ ግን በዚያው መስመር ላይ እንግዳ አለ። ካርፕና ቪአርአርፒ ሁለቱም የፕሮቶኮል ቁጥራቸው 112 ነው፤ የጋራ ማክ አድራሻቸውም የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ነው። በአንድ ሕንፃ ላይ ያለ ሌላ ቢሮ ወይም የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተር ጥንዱ የሚለይበትን ያንኑ የቡድን ቁጥር ከተጠቀመ ይጋጫሉ። ሁሉም ሰው ቁጥር 1ን ስለሚመርጥ ነው። 1ን ተዉለትና ሌላ ምረጡ።

በእኔ ግምት ከሁሉ በላይ የሚናቀው በሊኑክስ ላይ «የግንኙነት መከታተያ ሰንጠረዥ ሞልቷል፣ ፓኬት እየጣልኩ ነው» የሚለው መስመር ነው። ሎግ ውስጥ እንደማንኛውም መስመር ተቀምጦ ያልፋል። ውጤቱ ግን ግራ ያጋባል። ቀድሞ የተከፈተው ግንኙነት ይሠራል፤ አዲስ ግን አይከፈትም። አንዱ ሠራተኛ ቴሌግራሙ ይሠራለታል፤ አጠገቡ ያለው አንድ ገጽ መክፈት አቅቶታል። ወዲያው «ቴሌ ዘግቶት ነው» ይባላል። ምክንያቱ አንድ ቫይረስ የገባበት ላፕቶፕ በሺዎች የሚቆጠር ግንኙነት መክፈቱ ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ደግሞ የተመሠረተ የቲሲፒ ግንኙነትን፣ ካልተነካ በቀር፣ ለ432,000 ሰከንድ ይዞ ያቆያል። 5 ቀን ማለት ነው። የተረሳ ግንኙነት እስከ 5 ቀን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ክላስተሩ አያድናችሁም። ሰንጠረዡ ወደ ተጠባባቂውም የሚገለበጥ ከሆነ፣ ማስተሩን ብታወርዱት ሁለተኛው ያንኑ ሙሉ ሰንጠረዥ ይዞ ይነሳል። መፍትሔው ሰንጠረዡን ማስፋት፣ ቀኑን ማሳጠርና ላፕቶፑን መፈለግ ነው።

እመለስበታለሁ ወዳልኩት። ያልተጠበቀ መልዕክት የሰርጎ ገብ ምልክት ሊሆን ይችላል? አልፎ አልፎ፣ አዎ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2020 የፋየርዎል አምራቹ ሶፎስ አንድ ሪፖርት ደረሰው። በአንድ የኤክስጂ ፋየርዎል ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ እንግዳ ዋጋ የያዘ ሳጥን ታይቷል። ያ እንግዳ ነገር ሲመረመር አጥቂዎች ማንም ያላወቀውን የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ቀዳዳ እየተጠቀሙ እንደነበር ተገኘ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ ሲስኮ አርኬንዶር ያለውን ዘመቻ ይፋ አደረገ። ምርመራው የተጀመረው አንድ ንቁ ደንበኛ በፋየርዎሎቹ ላይ ጥርጣሬ ገብቶት ስላሳወቀ ነው። አጥቂዎቹ ያደረጉት ነገር ለእኛ ጉዳይ ቀጥተኛ ነው። ሎግ መላኩን ያጠፉ ነበር። ማሽኑ ሲሰናከል የሚተወውን የምርመራ ፋይል እንዳይጽፍና በቀጥታ እንዲነሳ ያደርጉም ነበር።

ይህን ከጅማ ሰርቨር ክፍል ሆናችሁ አስቡት። ፋየርዎል ያለ ምክንያት ጠፍቶ ይነሳል፤ ሎግ ላይ ክፍተት አለ። እኛ ጋ ይህ በትክክል መብራት የሄደ ይመስላል። አጥቂ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ አይመኝም። ሁሉም ዳግም መነሳት ጥቃት ነው እያልኩ አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ግን ዳግም መነሳቱ ከጄኔሬተር መዝገቡ ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ማንም ያልሠራው የአስተዳዳሪ መግቢያ ወይም የቅንብር ለውጥ ከታየ፣ ያኔ ማሽኑን እንደገና ከማስነሳት በፊት ሎጉን ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ። ማስነሳት ማስረጃ ያጠፋል።

ሎጉ የት ነው የሚቀመጠው? ብዙ ቦታ እዚያው ፋየርዎሉ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም ራም ውስጥ ስለሚቀመጥ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኖ ሎጉን በሲስሎግ (ሎግን ወደ ሌላ ማሽን በሚያስተላልፈው ዘዴ) ወደዚያ መላክ ብዙ ወጪ የለውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ይደነግጋል። እናንተ በአዋጁ ትርጉም አገልግሎት ሰጪ መሆናችሁን የሕግ ክፍላችሁ ይንገራችሁ።

የማስጠንቀቂያው ኢሜይልስ ለማን ነው የሚሄደው? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ዝምታ ያጋጥመኛል። ሲስተሙን የተከለው ድርጅት ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የራሱን ሠራተኛ ኢሜይል አስገብቶ፣ ተረካክቦ 350 ኪሎ ሜትሩን ተመልሷል። ሠራተኛው ሥራ ለቋል። መልዕክቶቹ ግን በታማኝነት ይላካሉ። ሌላም አለ። ኢሜይሉ የሚወጣው በዚያው በፋየርዎሉ በኩል ነው። ፋየርዎሉ ሲወድቅ መልዕክቱ ታፍኖ ይቆያል፤ መስመሩ ሲመለስ «ወደቀ»ውም «ተነሳ»ውም በአንድ ላይ፣ አንዳንዴም ተገላብጠው ይደርሳሉ። ሲም ካርድ የገባባት አንዲት ሞደም በኤስኤምኤስ እንድትናገር ማድረግ ይህን ያቃልላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ጤናማ መልዕክት ምን እንደሚመስል ማወቅ ነው። ይህ በሰላም ቀን ካልተሞከረ አይታወቅም። ዝናቡ ሳይገባ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለሁሉም አሳውቃችሁ የማስተሩን ኬብል ንቀሉ። የመጡትን መልዕክቶች ከነሰዓታቸው አስቀምጡ። መልሳችሁ ሰኩት፤ የሚመጣውንም ያዙ። ከዚያ ፓወሩን ነቅላችሁ ተመሳሳዩን አድርጉ። በመጨረሻ ሁለቱን ማሽኖች የሚያገናኘውን ኬብል ብቻ ንቀሉ። ሦስቱ የሚያወጡት መልዕክት ይለያያል፤ ያ ልዩነት ታትሞ ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። ጄኔሬተር የምትሞክሩበት ቀን ካላችሁ በዚያው ቀን አብራችሁ አድርጉት። የዩፒኤሱ ባትሪ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይም አብሮ ይታወቃል።